ኮሌጁ ጽሑፏን ማገድ ይችላል?

እህቴ፣ ልጅሽ አሜሪካ በምትማርበት ኮሌጅ ጋዜጣ ላይ ስለ ጾታና ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ብትጽፍ ኮሌጁ ያግዳታል ወይ ብለሻል። ኮሌጁ የመንግሥት ነው የግል? ዋናው እሱ ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ «ጸያፍ ነው» ያለውን ጋዜጣ ስላደለች አንዲት ተማሪ አባሮ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ለእሷ ፈረደ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነውር መሰለኝ ብሎ ብቻ ሐሳብ መዝጋት አይችልም። ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ጋዜጣ መቆጣጠር ይችላል ስላለ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው የ1988ቱ የሄዝልውድ ፍርድ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ጋዜጣውም የክፍል ሥራ ነበር። የግል ኮሌጅ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ በአብዛኛው የሚወስነው የራሱ ደንብ ነው። ካሊፎርኒያ ብቻ ለየት ትላለች፤ ከ1992 ጀምሮ የተማሪን የመናገር ነጻነት የሚጠብቀው ሕጓ ሃይማኖታዊ ያልሆኑ የግል ኮሌጆችንም ይይዛል። ብቻ የሌላ ተማሪ የግል ሕይወት እንዳታነሳ ንገሪያት። እሱ ሌላ ጣጣ ነው።