ሳያልቅ የተመለሰው ጠርሙስ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «እናቴ ካንሰር አለባት፤ ሞርፊን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዞላታል። ሱስ እንዳይሆንባት አንዳንዱን ሰዓት እየዘለልኩ ብሰጣትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ተጠይቄ የመለስኩት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ገና ጀማሪ ፋርማሲስት ነበርኩ። አንድ ጎልማሳ ለእናቱ የሞርፊን ሽሮፕ ሊወስድ መጣ። ማዘዣው በየአራት ሰዓቱ ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሱስ አይሆንባትም?» አለኝ። እኔ ያኔ አዋቂ መምሰል እወድ ነበር። «ሲብስባቸው ብቻ ይስጧቸው፤ ከቻሉት ይተዉት» አልኩት። ሐኪም አስቦ ያዘዘውን በአንድ አፍ ሰረዝኩት። ሰውየው ግን አመስግኖኝ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። እናቱ አርፋለች። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው የጎደለው። ክዳኑ ዙሪያ ሽሮፑ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። «እንዳሉኝ ቆጥቤ ነው የሰጠኋት። ሌሊት ሌሊት ትራሷን ትነክስ ነበር። ሱስ ግን አልያዛትም» አለኝ። በኩራት ነው ያለው። የተመለሰውን መጠን መዝገብ ላይ ጻፍኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከምክሩ ይልቅ ያ ዝምታ ይቆጨኛል። አይ፣ ምክሩም ይቆጨኛል።

በአፍ የሚወሰደው ፈጣን ሞርፊን አራት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ሕመሙ ሳይመለስ ነው ቀጣዩ የሚሰጠው። ሰውነት መድኃኒቱን መላመዱና ሱስ አንድ አይደሉም። ይልቅ የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት ነው፤ በጊዜ ብዛት አይለቅም። ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ራሴን ልቃረን። ኮዴይን ባለበት የሳል ሽሮፕ ላይ ጨካኝ ነኝ። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ይህን በጣም ያፈጥነዋል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን የእሱን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመምም ለሳልም እንዳይሰጥ የወሰነው ወዶ አይደለም። የዘመኑ ልጆች ደግሞ ከለስላሳ ጋር ቀላቅለው ይጠጡታል፤ ፋሽን ነው አሉ። በእኛ ጊዜ ይህ ቂልነት ይባል ነበር። እውነቱን ለመናገር በእኛም ጊዜ የሚጠጣው አልጠፋም። አልኮል ወይም የእንቅልፍ ክኒን ሲጨመርበት ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከንፈሩ የጠቆረ፣ እያንኮራፋ ሲቀሰቅሱት የማይነሳ ሰው ካያችሁ «ይተኛበት» አትበሉ። አምቡላንስ ጥሩ።

እህቴ፣ ለእናትሽ በታዘዘላት ሰዓት ስጪያት። በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን በመድኃኒቱ መለኪያ ለኪው። በመሃል ሕመሙ ከመጣባት ሰዓቱን ጽፈሽ ለሐኪሟ አሳዪው። እንቅልፍ ከበዛባትና ለመቀስቀስ ካስቸገረችሽ ቀጣዩን ሳትሰጪ ደውዪለት። በታዘዘው ልክ እየሰጠሻት ጠርሙሱ ካለቀ ግን አትደንግጪ። ሌላ ይታዘዛል።