ሙቅ ውኃ በሐምሌ ሙቀት፦ ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና የቀረቡ ሦስት ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ጃንጥላና ካፖርት በምታወጣበት በሐምሌ ወር ቻይና በዓመቱ ከባድ ሙቀት ውስጥ ትሆናለች። በዚህ እትም ከምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁለቱ ከሙቀት፣ አንዱ ከብርድ የተላኩ ናቸው። ከዚህ በታች «በጋ» ስንል የእኛን ደረቅ ወራት ሳይሆን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሞቃት ወቅት መሆኑ ይታወቅልን።

ጥያቄ፦ በዉሃን ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ላቤ ከላዬ አልደርቅ ብሏል፤ የምግብ ፍላጎቴ ጠፍቷል፤ አንዳንዴም ያቅለሸልሸኛል። በረዶ የገባበት ውኃ ልጠጣ ስል አንዲት ቻይናዊት ባልደረባዬ «ጣፊያህን ትጎዳለህ» እያለች ከፔርሙዟ ሙቅ ውኃ ትቀዳልኛለች። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ልማድ ብቻ?

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ያሉባት ከተማ ከቾንግቺንግና ከናንጂንግ ጋር «የቻይና ምድጃ» የሚል ስም የወጣላት ናት። አየር ማቀዝቀዣ ከመስፋፋቱ በፊት የዉሃን ሰው የቀርከሃ አልጋውን ወደ መንገድ አውጥቶ፣ ከጎረቤቱ ጎን ተሰልፎ ያድር ነበር። ስለዚህ ምክሩ የመጣው ሙቀትን በሚገባ ከሚያውቅ ሕዝብ ነው።

የባልደረባዎ ምክር ልማድም ሕክምናም ነው። አፍልቶ መጠጣት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተካሄዱ የንጽሕና ዘመቻዎች እጅግ ተስፋፍቷል፤ ከቅዝቃዜ የመጠንቀቁ ሐሳብ ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው የሕክምና መጽሐፍ ለበጋ ሦስት ወራት የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ አምሽቶ መተኛት፣ በማለዳ መነሣት፣ ፀሐይን አለመሰልቸት፣ ቁጣን ማራቅ። በዚህ አስተሳሰብ በጋ የእሳት ወቅት ሲሆን፣ ከአካል ክፍሎች ልብ፣ ከስሜቶች ደስታ፣ ከጣዕሞች መራራው ከእርሱ ጋር ይቆጠራሉ። የሰውነት ሙቀት ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ሆድ ዕቃ ሳይታወቅ ይቀዘቅዛል ተብሎ ይታመናል። በቻይና ስማር አንድ መምህራችን ይህን የሚያስረዱን የጉድጓድ ውኃን ምሳሌ አድርገው ነበር፤ ላዩ ምድር ሲግል ከሥር የሚቀዳው ውኃ ቀዝቃዛ ሆኖ እንደሚሰማን ማለት ነው። «በብርዱ ፍጅል፣ በበጋው ዝንጅብል የበላ ሐኪም አያስቸግርም» የሚለው የአገሩ አባባልም መነሻው ይኸው ነው።

«ጣፊያ» የሚለው ቃል ግን አያስደንግጥዎ። በቻይና ሕክምና ቃሉ የሚያመለክተው በዘመናዊው ሕክምና የምናውቀውን ጣፊያ ሳይሆን ምግብ የመፍጨትና ለሰውነት የማዳረስ ሥራን ነው፤ በእርጥብ ሙቀት ወራት የምግብ ፍላጎት መጥፋቱና ሰውነት መክበዱ የዚህ ሥራ መዳከም ተደርጎ ይታያል። እኔ የምመክርዎ እንዲህ ነው፦ ጤናማ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ቢጠጣ ጣፊያው አይታመምም፤ ነገር ግን ሆድዎ በበረዶ ውኃ የሚታወክ ከሆነ ለብ ያለውን በትንሽ በትንሹ ቢጠጡ ይሻልዎታል። ዋናው ነገር መጠጣቱ ነው።

የዉሃን እናቶች ከሚያዘጋጁት ሁሉ እኔ የምወደው የማሾ ሾርባን ነው። ማሾውን አጥበው በብዙ ውኃ ይጥዱት፤ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ሳያነሡ አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ፍሬው ሳይፈነዳ ውኃው ጥርት ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሙቀት ያበርዳል የሚባለውም ይህ የመጀመሪያው ውኃ ነው። እርሱን ቀድተው ከጠጡ በኋላ ፍሬው እስኪፈነዳ ቀቅለው መብላት ይችላሉ። ብዙ ስኳር አይጨምሩበት። ሐብሐብና ኪያርም በቻይናውያን ዘንድ በቀዝቃዛ ባሕርይ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ብዙ ካላብዎት ግን ጨውም ስለሚያጡ የማሾ ውኃ ብቻውን አይበቃም፤ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. (የጠፋ ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ለብቻው ይጠጡ።

ለማቅለሽለሹ ኔይጓን የምትባለውን ነጥብ ይሞክሩ። መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ከእጅ አንጓዎ መስመር ወደ ክንድዎ የሦስት ጣት ስፋት ይለኩ፤ በሁለቱ ጅማቶች መካከል በአውራ ጣትዎ ጠበቅ አድርገው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጫኑ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚመጣ ማቅለሽለሽ ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ይህች ነጥብ ጥቅም እንዳላት ታይቷል፤ ከአኩፓንቸር (ቀጫጭን መርፌ በሰውነት ነጥቦች ላይ የሚሰካበት የቻይና ሕክምና) ነጥቦች ሁሉ ይህን ያህል የተፈተኑት ጥቂት ናቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። ከሙቀት የተነሣ ሰው አነጋገሩ ከተወላገደበት፣ ከዘባረቀ፣ ራሱን ከሳተ ወይም የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ፣ ጊዜው የመርፌም የሾርባም አይደለም። አምቡላንስ ይጠራ፤ እስኪደርስም ልብሱን አውልቀው በቀዝቃዛ ውኃ ይንከሩት ወይም ያርከፍክፉበት፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ። እዚህ ላይ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ የሚነገረው ስጋት ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ቨርጂኒያ ሊጠይቁን ከመጡ ጀምሮ በሙቀቱ ምክንያት እንቅልፍ አጥተዋል፤ ልባቸውም ይመታል። የደም ግፊት መድኃኒትና ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። አኩፓንቸር ብወስዳቸው ይጠቅማቸዋል? በዚያው ቤት እንደ እኛ ዋግምት ያለ ነገርም ይሠራሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመርፌው በፊት ሐኪማቸው ዘንድ ይውሰዷቸው። የልብ ምቱ መታየት አለበት፤ ከደጋ ወጥቶ እርጥብ ሙቀት ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ብዙ ስለሚያልበው፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መኝታ ቤታቸውንም ያቀዝቅዙላቸው። ብዙ እናቶች ኤሌክትሪክ እንዳይቆጥር ሲሉ ማቀዝቀዣውን ያጠፉታል፤ በፍቅር አስረድተው እንዲከፍቱት ያድርጓቸው።

ሐኪማቸው ከፈቀደ አኩፓንቸሩን መሞከር ይቻላል። የበጋ እንቅልፍ ማጣት በቻይና ሕክምና የልብ እሳት መብዛት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ብዙ ጊዜ የምትመረጠው ሸንመን የምትባለው ነጥብ ናት፤ በእጅ አንጓ መስመር ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ትገኛለች። መርፌው በጣም ቀጭን ስለሆነ ሲገባ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ መክበድ ወይም መደንዘዝ የሚመስል ስሜት ይመጣል። እናትዎም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም ብለው ያርፋሉ። ስለ ጥቅሙ እውነቱን ልንገርዎ፦ በእንቅልፍ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት የተለያየ ነው፤ ከይስሙላ መርፌ ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠባል። ቢሆንም ከሕክምናው ተረጋግተው የሚነሡ ብዙዎችን ስላየሁ ከሞከሩት አልከለክልዎትም።

ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ግን ባለሙያው መርፌ ከማንሣቱ በፊት ይንገሩት። ፈቃዱን ከክፍለ ግዛቱ ያገኘ መሆኑን፣ መርፌውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና በፊትዎ ከማሸጊያው የሚወጣ መሆኑን ያረጋግጡ። ዋግምቱ ይቅርባቸው። በቀንድም በብርጭቆም ቢሠራ ደምን ወደ ቆዳ የሚስብ ስለሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ሰፊ የደም መቋጠር ሊያስከትል ይችላል። ለመጠጥ የሚሰጥ የቅጠልና የሥር ቅምምም አይውሰዱ፤ ዳንሸን የሚባለው ሥር የዋርፋሪንን ኃይል ያበዛል፣ በብዙ የቻይና ቅምሞች የሚገባው ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ አስም አለበት፤ ክረምት ሲገባ ይብስበታል። ቻይናውያን በሐምሌ ሰናፍጭ ያለበት መድኃኒት ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ ሲባል ሰማሁ። እዚህ አዲስ አበባ እቤቴ ላዘጋጅለት?

መልስ፦ እባክዎ አያዘጋጁለት። የሰሙት ልጣፍ የሚደረገው «ሳንፉ» በሚባሉት፣ በቻይና አቆጣጠር 30 ወይም 40 በሚሆኑት የዓመቱ እጅግ ሞቃት ቀናት ነው። የነጭ ሰናፍጭ ፍሬ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተፈጭቶ በዝንጅብል ጭማቂ ይለወስና፣ በላይኛው ጀርባ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባሉ ነጥቦች ላይ ለተወሰኑ ሰዓታት ይለጠፋል። በእነዚያ ቀናት በሆስፒታሎች ኮሪደር አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ሸሚዝ ከኋላ ገልጠው ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ሐሳቡ «የብርድን ሕመም በበጋ ማከም» ሲሆን፣ የወቅቱ ሙቀት መድኃኒቱን ያግዘዋል ተብሎ ይታመናል። የአዲስ አበባ ሐምሌ ደግሞ የዝናብና የብርድ ወር ነው፤ ስለዚህ በራሱ በቻይና ሕክምና ስሌት እንኳ ጊዜው አይገጥምም።

ከሁሉ በላይ ሰናፍጭ ቆዳን ያቃጥላል። በባለሙያ እጅ ሲሠራም ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣባቸው አሉ፤ የልጅ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። ልጅዎ በሐኪም የታዘዘለትን የሚነፋ መድኃኒት አያቋርጥ፤ ዘወትር የሚወሰደውን ደህና በሆነበትም ቀን ይውሰድ። ክረምቱ ሳይጠና ወደ ሐኪሙ መልሰው የመድኃኒቱን መጠንና አነፋፉን ያስዩለት። ልጣፉን አስቀድመው ለጥፈውለት ከሆነ አሁኑኑ አንሥተው በብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠቡት፤ ቆዳው ውኃ ከቋጠረም ሳያፈነዱ ጤና ጣቢያ ያሳዩት።