ወፍ ማየት በሲንጋፖር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሲንጋፖር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋቴ የወፍ ነው። ስንት ዓይነት አየሁ ብሎ መቁጠር ብዙም አይገደኝም። እኔን የሚስበኝ ሥራቸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሱ።

ሴቷ ሆርንቢል ራሷን ጎጆ ውስጥ ትዘጋለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እዚህ ያለው ጥቁርና ነጩ ነው፤ ትልቁ መንቁሩ ላይ ቆብ የደረበ ይመስላል። ሴቷ የዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ፣ በምግብ ትራፊና በኩሷ ትደፍነዋለች። የምትተወው መንቁር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእሷም የጫጩቶቹም ቀለብ በባልየው ጫንቃ ላይ ነው።

አንዴ ሲያበላት አይቻለሁ። ባዶ እጁን የመጣ መስሎኝ ነበር። ስንጥቁ ጋ ደርሶ አንገቱን ነቅነቅ ሲያደርግ ከጉሮሮው አንድ ፍሬ ወጣ። አቀበላት። ሌላ ደገመ። ሰባት ላይ መቁጠር ተውኩ።

እነዚህ ወፎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሲንጋፖር ጠፍተው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ፑላው ኡቢን ደሴት ላይ ጥንድ ታየ። በኋላ ሰው ሠራሽ ጎጆ ከነካሜራው ተሰቀለላቸው። ካሜራው ያሳየው ሁሉ ግን ደስ አይልም። እናት ትንሹን ጫጩት ገድላ ለወንድሙ ስትመግበው ታይታለች።

የእኛ ኤርኩምም እንዲሁ ነው?

ዘመድ ናቸው፤ ኤርኩም ግን በሩን አይደፍንም።

ሌሊት 11 ሰዓት «ኮ-ኤል! ኮ-ኤል!» እያለ የሚቀሰቅሰኝስ?

አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ስሙም ኮኤል ነው። ወንዱ ጥቁር ነው፣ ዓይኑ ቀይ። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ቁራ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ልጅ ማሳደጉ የቁራዋ ዕዳ ይሆናል። ቁራዎች ወንዱን ኮኤል ሲያሳድዱ ካየህ ዓይንህን ከጎጆው አትንቀል። ሴቷ ሹልክ የምትለው ያኔ ነው።

ቅጠል ይሰፋል የተባለው ወፍ የት ይገኛል?

ሩቅ አትሂጂ፣ ኮንዶሚኒየምሽ ግቢ ውስጥ ፈልጊ። ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። የቅጠሉን ጠርዝ በመንቁሩ ይበሳና በሸረሪት ድር ወይም በጥጥ መሳይ ክር ያያይዘዋል። ቅጠሉ ከግንዱ ስላልተቆረጠ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ጎጆው ፊትሽ ተንጠልጥሎ እንኳ ላታይው ትችያለሽ። እኔ ያገኘሁት የመስኮት አበባ ሳጠጣ ነው፤ ውኃ ሲነካት ጮኸችብኝ።

መነጽር ምን ዓይነት?

8 በ42 የሚል የተጻፈበት በቂ ነው፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

ድምፃቸውን በስልክ ከፍቼ ብጠራቸውስ? ዳቦ ብጥልላቸውስ?

ሁለቱንም ተወው። ድምፁን የሰማ ወንድ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ሲሯሯጥ ልጆቹን ማብላት ይተዋል። የዱር እንስሳ መመገብ ደግሞ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ያስቀጣል። ይልቅ ፍሬ ያፈራ ሾላ ፈልግና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥሩ ተቀመጥ። ኮፍያ አትርሳ፤ ከላይ የሚወርደው ፍሬ ብቻ አይደለም።