ስለ ብስክሌት ማርሽና ካቴና፦ ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ካቴናው ይንቋቋል። ማርሹ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አስቀድመን የሚቀይሩበትን ጊዜ እንመርምር። ዳገቱ መሐል ላይ፣ ሙሉ ክብደትዎን ፔዳሉ ላይ ጥለው ሲቀይሩ፣ ካቴናው እንደተወጠረ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ለመዝለል ይገደዳል። ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግርዎ ገና ሳይከብደው ወደ ቀላሉ ማርሽ ይቀይሩ፤ ከዘገዩም ፔዳሉን ማዞር ሳያቋርጡ ለአንድ ዙር ያህል ጫናውን ቀነስ አድርገው ይቀይሩ። ይህን አድርገውም ካልተሻለው የማርሹን ኬብል ውጥረት ባለሙያ ይመልከተው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ በከባድ ማርሽ መንዳት እግርን ያጠነክራል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እኔ አልመክረውም፤ ጉልበትንም ካቴናንም ያለአግባብ ያስጨንቃል። የፊቱ ጥርስ ብዛት 42፣ የኋላው 14 ሲሆን በአንድ የፔዳል ዙር የኋላው ጎማ 3 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በ26 ኢንች ጎማ 6 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም 28 ሲሆኑ ግን ወደ 2 ሜትር ብቻ ይሄዳሉ፤ ለዳገት የሚበጀውም ይኸው ነው። ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር የሚያስኬድዎትን ማርሽ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ከፊትም ከኋላም ትልቁን ጥርስ አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ አይመከርም፤ ካቴናው ተጣሞና ተወጥሮ ይሄዳል። ትንሹን ከትንሹ ማጣመርም አይመከርም።

ጥያቄ፦ በክረምት ካቴናዬ በጭቃ ይሞላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ላፍስበት?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። የተቃጠለ ዘይት ደቃቅ የብረት ብናኝ ይዟል፤ በጭቃው ላይ ሲጨመር ደግሞ ፒኖቹን (የካቴናውን አንጓዎች የሚያያይዙትን ትንንሽ ዘንጎች) እንደ ሞረድ የሚበላ ድብልቅ ይሆናል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ ከመቀባት ይልቅ መጥረግ ይቀድማል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ጭቃውን በውኃና በብሩሽ ያስለቅቁ፤ ቅባቱ ከጠጠረ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይሹት፤ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በየአንጓው አንድ ጠብታ ንጹሕ የካቴና ዘይት ያድርጉ፤ ፔዳሉን ወደኋላ ጥቂት ካዞሩ በኋላም ከላይ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ዘይቱ የሚፈለገው በአንጓዎቹ ውስጥ ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ከመሳብ በቀር ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ካቴና መቼ ይቀየራል?

መልስ፦ በማስመሪያ ይለኩት። አዲስ ካቴና ከፒን ወደ ፒን 24 አንጓ ሲቆጠር 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 307 ገደማ ሲደርስ ይቀይሩት። 308 ካለፈ የኋላ ጥርሶቹም አብረው አልቀው ሊሆን ስለሚችል፣ አዲሱ ካቴና በጫና ጊዜ እየዘለለ ካስቸገረዎት ጥርሶቹንም መቀየር ይኖርብዎታል።