ደሴ የሚጠቁር፣ ኮምቦልቻ የሚለግም መነጽር

ልጆች፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ደሴ ፒያሳ መነጽር ስገጥም ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛ ፀሐይ ሲነካው የሚጠቁር መነጽር ሠርቼለት ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ እዚህ ጥቁር ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ስወርድ ግን ይለግማል» አለኝ። ብልሽት ነው ብዬ ሌንሱን ከኪሴ ቀየርኩለት። አዲሱም ለገመ።

ከዚያ ራሴ አድርጌው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭራሽ አልጠቆረም፤ የፊት መስታወቱ ሌንሱን የሚቀሰቅሰውን አልትራቫዮሌት የሚባል፣ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ያስቀረዋል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ጠቆረ፣ ግን ደሴ ላይ እንደማውቀው አይደለም። የዋህ ነበርኩ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስሸጥ የማስበው ብርሃኑን ብቻ ነበር። ብርሃን የሌንሱን ሞለኪውል ከፍቶ ቀለም ያወጣል። ሙቀት ደግሞ መልሶ ይዘጋዋል። ሁለቱ ሲጓተቱ ነው የሚውሉት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብርድ ነው፣ ብርሃኑ ያሸንፋል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይበረታል።

ይህን የምነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ ቀለም በሚቀይር ቁስ ላይ በኤሌክትሮን ጨረር፣ ማለትም በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ፍሰት፣ መጻፍ እንደምትመኙ ስለሰማሁ ነው። ግሩም ሐሳብ ነው። የኤሌክትሮን ጨረር ብርሃን ከሚደርስበት እጅግ ባነሰ ነጥብ ላይ፣ እስከ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ድረስ ይጠብባል። አዲስም አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዳንድ የራዳር ስክሪኖች ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይቀቡ ነበር። ኤሌክትሮኑ የነካው ቦታ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ያስቸገረው መጻፉ ሳይሆን ማጥፋቱ ነው። ምልክቱ ቶሎ አይለቅም፤ ለማስለቀቅ ማሞቅ ያስፈልግ ነበር።

ደግሞ ኤሌክትሮን ጉልበተኛ ነው። ሞለኪውሉን ቀለም አስቀይሮ ብቻ አይተወውም፣ ሊሰብረውም ይችላል። የተሰበረ አይመለስም። ጠቁሮ ስታዩት ቶሎ «ጻፍኩ» አትበሉ፤ የተቃጠለም ይጠቁራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጻፋችሁትን የሚያጠፋውን እወቁ። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም፣ አብሽሩ። ቀለም የሚቀይር አሮጌ ሌንስ ፈልጉ። ከፕላስተር «ሀ» ቆርጣችሁ ለጥፉበት። ፀሐይ ላይ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። ፕላስተሩን ስትልጡት ነጣ ያለች «ሀ» ትቀራለች። ጥላ ውስጥ አስገቡትና እስክትጠፋ ቁጠሩ፤ አንዴ በበረዶ ውኃ፣ አንዴ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ። ሰከንዱንና ሙቀቱን ጎን ለጎን ጻፉ። እኔ ይህችን ቀድሜ ሞክሬ ቢሆን ያንን ሌንስ ከኪሴ ባልከፈልኩ ነበር።