ዓይን ያወጣ ሽፋን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የፔሮቭስካይት (ብርሃን የሚውጥ ክሪስታል) ፀሐይ ሴል እየሠራሁ ነው። ኤሌክትሮን የሚያሳልፈውን ሽፋን የምሠራው ከቲን ኦክሳይድ ነው፤ በውኃ አቅጥኜ መስታወቱ ላይ አንጠባጥብና በደቂቃ 4000 ዙር ለ30 ሰከንድ አሾረዋለሁ። ከዚያ በ150 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አደርቀዋለሁ። ሆኖም ከመሃል ወደ ዳር የተዘረጉ ጅራታም ጭረቶች ይታዩበታል፤ ከ10 ሴል 4ቱ ምንም ቮልቴጅ አይሰጡም። ፍጥነቱን ልቀይር? (የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፍጥነቱን አትንኪው። ቲን ኦክሳይድ መምረጥሽም ደግ አደረግሽ፤ ቲታኒየም ኦክሳይድ ቢሆን በተለመደው አሠራር ከ450 እስከ 500 ዲግሪ የሚደርስ እቶን ፍለጋ ትንከራተቺ ነበር። ጥፋቱ የደረሰው መስታወቱ መሾር ከመጀመሩ በፊት ነው።

ያ ሽፋን ሲያልቅ ውፍረቱ ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ቢሆን ነው። የ1 ማይክሮሜትር አቧራ ከ30 እጥፍ በላይ ትገዝፈዋለች። ወደ ዳር የሚሸሸው ፈሳሽ እሷ ጋር ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ጅራቱ ከኋላዋ የሚቀረው መስመር ነው። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ እሰየው ነው፤ እዚህ ግን አንድም ዓይን፣ ማለትም ቀዳዳ፣ አንፈልግም። በዓይኑ በኩል ፔሮቭስካይቱ ከሥር ያለውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ንብርብር በቀጥታ ይነካል፤ ሊለያዩ የሚገባቸው የኤሌክትሪክ ሙሎች (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) እዚያው ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። ፔሮቭስካይቱ ራሱ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ከላይ የሚለበጠው ወርቅ እስከ ታች ሾልኮ ሴሉን ሾርት ያደርገዋል። 4ቱን የበላቸው ይህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካጠብሽው በኋላ መስታወቱን በምን ታደርቂዋለሽ? እኔ ውጭ አገር ስማር ናይትሮጅን ያለቀብን ሰሞን ከኮምፕረሰር በሚመጣ አየር አደርቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ፈሳሹ መስታወቱን እየሸሸ ደሴት ደሴት ሠራብኝ። ፈሳሹን ቀየርኩ፣ ፍጥነቱን ቀየርኩ፣ ከባልደረባዬ ጋር ተኳረፍኩ። በመጨረሻ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ፣ የአየሩን ቱቦ ነጭ ወረቀት ላይ ደግነው ለአንድ ደቂቃ ያህል ለቀቁትና ወረቀቱን ሰጡኝ። ቢጫ የዘይት ፍንጣሪ ነበረበት። የጥናት ጽሑፎች ይህን ሁሉ "መስታወቱ ታጥቦ ደረቀ" ብለው ያልፉታል።

በሳሙና ውኃ፣ በአሴቶን፣ በአይሶፕሮፓኖል በየተራ እጠቢው፤ በንጹሕ ናይትሮጅን አድርቂው። ሴል የማትሠሪበትን አንድ መስታወት አንሥተሽ ተንፍሺበት፤ ጉሙ ወጥ ሆኖ ሸፍኖት ወጥ ሆኖ ከጠፋ ደህና ነው፤ ነጠብጣብ ከቀረ አጠባውን ድገሚ። ሌሎቹን አልትራቫዮሌትና ኦዞን ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል አቆይተሽ ወዲያው ተጠቀሚባቸው፤ ለነገ ብለሽ እንዳታሳድሪያቸው። የማሞቂያው 150 መስታወቱ ላይም 150 መሆኑን ለኪ። ፈሳሹን ደግሞ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፊው፤ መጀመሪያ የሚወጡትን ጥቂት ጠብታዎች ግን መስታወቱ ላይ አታድርጊ፣ ድፊያቸው።