የገመዱን ዋጋ ሳይሆን ጫፉን እዩ

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ በተከራየነው ክፍል እኔ እያዜምኩ፣ ወንድሜ ማሲንቆ እየመታ እንቀርጻለን። ድምፃችን ደካማ ነው፤ ጌኑን፣ ማለትም የማጉያ ቁልፉን፣ እስከ መጨረሻው ስከፍተው ከሥር እንደ ንብ ቀፎ የሚጮህ ነገር ይመጣል። ደግሞ ባዶ በርሜል ውስጥ የምንዘፍን ይመስላል። አንድ የምናውቀው ሰው ውድ ገመድ ወይም ለብቻው የሚቆም ፕሪአምፕ (የማይክሮፎን ማጉያ) ካልገዛችሁ አይስተካከልም አለን። ያጠራቀምነው ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ነው። የትኛውን እናስቀድም?»

እኅቴ፣ አንዱንም አትግዢ። ገንዘቡ ካለበት አይነሳ።

የላክሽልኝን ፎቶግራፎች አጉልቼ አየኋቸው። ማይክሮፎኑ ላይ የሚሰካው የገመድሽ ጫፍ ሦስት ቀዳዳ ያለው ክብ ኤክስ ኤል አር ነው። ማይክሮፎኑን ከላፕቶፑ ጋር ወደሚያገናኘው ሳውንድ ካርድ የሚገባው ጫፍ ግን ወፍራም ጃክ ሲሆን፣ ጃኩ ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ይታየኛል። ድካሙም ጥዝታውም የሚመጣው ከዚያች ጫፍ ነው።

እንዳንቺ ዓይነቱ ሳውንድ ካርድ በአንድ መግቢያ ውስጥ ሁለት መንገድ ይዟል። ኤክስ ኤል አር ሲገባበት ድምፁ ወደ ማይክሮፎን ማጉያው፣ ማለትም ወደ ፕሪአምፑ ይሄዳል። ጃክ ሲገባበት ግን ለኪቦርድና ለጊታር ወደተሠራው መንገድ ይዞራል። ያ መንገድ የሚጠብቀው ጉልበት ያለው ምልክት ነው፤ ካንቺ ማይክሮፎን የሚወጣው ደግሞ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። የሳውንድ ካርድሽ ፕሪአምፕ እስከ ዛሬ በአግባቡ ሥራ ላይ አልዋለም።

ጥዝታውም ከዚሁ ይመጣል። በደንበኛው የማይክሮፎን ገመድ ውስጥ ሁለት ሽቦዎችና ዙሪያቸውን የሚያለብስ የመዳብ መረብ አለ። ድምፁ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይጓዛል፤ ከመብራት መሥመር የሚለቀመው የ50 ኸርዝ ጥዝታ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ማጉያው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ እኩል የሆነው ይጣፋል። ባለአንድ ቀለበቱ ጃክ አንዱን ሽቦ ከመረቡ ጋር ስለሚያገናኘው ይህ መከላከያ ይፈርሳል።

ስለዚህ ገመድ ትቀይሪያለሽ፤ ግን ተራውን። በሁለቱም ጫፍ ኤክስ ኤል አር ያለው፣ 5 ሜትር የሆነ ይበቃሻል። ጫፉ ተደፍኖ የተሠራውንና የማይፈታውን ተይው፤ ሲበላሽ አይጠገንም። የሚፈታውን እዚያው ሻጩ ፊት ፈትተሽ እዪ። ቁጥር 1 እግር ላይ መረቡ፣ 2 እና 3 ላይ ሁለቱ ሽቦዎች መበየድ አለባቸው። የብየዳው ሊድ እንደ ጤዛ ጠብታ የሚያብለጨልጭና እግሩን አቅፎ የያዘ ከሆነ መልካም ነው። እንደ አመድ የደበዘዘ፣ ስትነኪውም የሚንቀሳቀስ ከሆነ መልሺው። የገመዱ ላስቲክ በመቆንጠጫው መያዙንም አረጋግጪ፤ ካልተያዘ በተጎተተ ቁጥር ጉዳቱን የሚሸከመው ብየዳው ነው። እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጡት ገመዶች አብዛኞቹ የሚበጠሱት እዚያች ጣት በምታህል ቦታ ላይ ነው።

ውድ ገመድ ድምፅን ያጠራል የሚለውን እኔም አምኜ ነበር። በሙያው ጀማሪ ሳለሁ የሁለት ወር ደመወዜን ለአንድ ገመድ ከፍዬ፣ ያው የሲሚንቶ ክፍሌ ያው ድምፅ ሲያወጣ ሌሊቱን ሙሉ ስሰማው አደርኩ። በኋላ ሒሳቡን ስማር ነገሩ ገባኝ። የማይክሮፎን ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) ይይዛል፤ 5 ሜትሩ 500 መሆኑ ነው። የማይክሮፎንሽ የውስጥ መቋቋም 200 ኦም ቢሆን፣ ይህ ገመድ ቀጭኑን ድምፅ መቁረጥ የሚጀምረው ከ1 ሚሊዮን ኸርዝ በላይ ነው። የሰው ጆሮ 20,000 ላይ ያበቃል። ነገሩ የሚለየው ያለ ባትሪ የሚሠራ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) በተገጠመለት ክራር ወይም ጊታር ላይ ነው። የፒክአፕ መቋቋም ከፍተኛ ስለሆነ ረጅም ገመድ በእርግጥ ድምፁን ያደበዝዘዋል፤ መፍትሔው ግን አጭር ገመድ ነው።

ስለ ፕሪአምፑም ላስረዳሽ። 150 ኦም ካለው ማይክሮፎን ጋር፣ ፍጹም የሆነ ማጉያ እንኳ ከ −131 ዲቢዩ (የምልክት መጠን መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ጸጥታው ይበልጣል) በታች የጀርባ ጫጫታ ሊኖረው አይችልም፤ ተፈጥሮ የወሰነችው ነው። ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡት ሳውንድ ካርዶች −127 እና −128 ይደርሳሉ። በመካከል ያለው 3 ወይም 4 ዴሲቤል ነው፤ ከመስኮትሽ ውጭ የምታልፍ አንዲት ባጃጅ ትውጠዋለች። የተለየ ፕሪአምፕ ዋጋ የሚኖረው በጣም ዝቅተኛ ምልክት በሚሰጥ ማይክሮፎን ለስላሳ ድምፅ ስትቀርጪና ትክክለኛው ገመድ ተሰክቶም ጌኑ ሲያልቅብሽ ነው።

በርሜሉ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክፍላችሁ ነው። መሃል ላይ ቆመሽ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቢ። ከጭብጨባው በኋላ ትርርር የሚል ጭራ ከተከተለ፣ ድምፁ በሁለት ፊት ለፊት በቆሙ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። የትኛውም ፕሪአምፕ ይህን አያነሳም፤ አብሮ ያጎላዋል እንጂ። ማይክሮፎንሽ ከፊቱ ያለውን ስለሚሰማ፣ ካንቺ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው የሚገባበት። ስለዚህ ፍራሽ ከጀርባሽ አቁሚ። ከጎንሽ ቡልኮ ሁለት አጥፈሽ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀሽ ስቀይ፤ ያቺ ክፍተት ወፈር ያለውንም ድምፅ እንዲይዝ ትረዳዋለች። ስስ ጋቢም ሆነ የደንገል ምንጣፍ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። የእንቁላል ካርቶን አትድከሚበት።

ከዚያ ቅረቢ። በፎቶው ላይ ከማይክሮፎኑ ክንድ ያህል ርቀሽ ቆመሻል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ስትቀርቢ ድምፅሽ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የክፍሉ ጭራ ግን ባለበት ይቀራል። ማሲንቆውን ከቆዳው ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሞክሩት፤ የደጋኑ ጭራ ፍትጊያ ከበዛ ማይክሮፎኑን ጥቂት ወደ ጎን አዙሩት። የማይክሮፎኑ ጀርባ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ መስኮት ይሁን።

ገመዱ ተቀይሮም ጥዝታ ከቀረ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለሽ በባትሪ ቅረጪ። ከጠፋ ምንጩ ቻርጀሩ ወይም የመሬት ሽቦው ያልታሰረ ሶኬት ነው፤ ሶኬቱን ኤሌክትሪሺያን ይየው። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የመሬቱን እግር መቁረጥ ግን ሕይወት ያስከፍላል፤ እንዳታደርጊው።

ይህን ስትጨርሱ አንድ ዘፈን ቀርጻችሁ ላኩልኝ። ወንድምሽ ማሲንቆውን ከመንካቱ በፊት 10 ሰከንድ ዝም በሉ፤ መጀመሪያ የማዳምጠው ዝምታውን ነው።